አባባ እያሽቆለቆሉ ነው

የበሽተኛ ቤተሰብ በር ላይ ይዞኝ «እንዴት ናቸው?» ሲለኝ፣ ባልደረቦቼ የሚሉትን ቃል እኔ አልልም። እነሱ «ጤናቸው እያሽቆለቆለ ነው» ይላሉ። ቃሉ ነውር የለበትም፤ ስለ ምርትም ስለ ገበያም ሬዲዮ ላይ ሲባል እንሰማለን። እኔ ግን «ደክመዋል» እላለሁ፤ ካልሆነም «ከትናንቱ አልተሻላቸውም» ብዬ አልፋለሁ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ያችን ቃል በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ሳላዘው ገደል ይፈልጋል።

ባደግሁበት አገር ማሽቆልቆል መጀመሪያ ነገር የእግር ሥራ ነው። ከብቱ ወደ ወንዝ ያሽቆለቁላል፣ ገበያተኛው ወደ ቆላ ያሽቆለቁላል። ሰው በተኛበት፣ ጋቢ እንደተከናነበ፣ እግሩን ሳያነሳ ሊያሽቆለቁል እንደሚችል ማንም አልነገረኝም ነበር። ስለዚህ እናቴ ያን ጥቅምት «አባባ እያሽቆለቆሉ ነው» ስትል የገባኝ እንደ ቃሉ ነው።

መንደራችን በላይ ጋይንት ወረዳ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነበረች። ከቤታችን ጀርባ ያለው የገብስ ማሳ ሲያልቅ መሬቱም አብሮ ያልቃል። ከዚያ በታች ቀጭን መንገድ እየተጠማዘዘች ትወርዳለች። መጀመሪያ ብቻውን የቆመ ወይራ አለ፣ ዝቅ ብሎ ምንጭ፣ ከምንጩ በታች የአያቴ የማሽላ ማሳ፣ ከሁሉም በታች የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። ከአፋፉ ላይ ሆኜ ሳየው የሚካኤል ቆርቆሮ ከጥፍሬ አይበልጥም ነበር።

አባባ የምላቸው የእናቴ አባት ታፈረ ናቸው። በየዓመቱ ማሽላው ሲያሽት አመሻሹ ላይ ይወርዱና ማሳው ውስጥ ባለች ጎጆ እያደሩ ከከርከሮ ይጠብቁ ነበር። ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ ይመለሳሉ። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ረጅም ከዘራቸውን ይዘው፣ በግራ እግራቸው ሸብረክ እያሉ ሲወርዱ ከሩቅ የማያውቃቸው አልነበረም።

ያን ዓመት ግን ተኙ። እግራቸው አብጦ ቆዳው እንደ ሰም ያብረቀርቅ ነበር፤ ጣቴን ስጫንበት ጉድጓዱ ተመልሶ አይሞላም። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄዶ ስለነበር ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ እናቴ ዘርፌና አባባ ነን። እኔ እስከማውቀው ድረስ ማለቴ ነው።

አንድ ቀን የነፍስ አባታችን አባ መንግስቴ ጠይቀዋቸው ሲወጡ እናቴ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው። እኔ ከአጥሩ ወዲያ ተቀምጬ ነበር።

«እያሽቆለቆሉ ነው አባ» አለቻቸው። «ከዕለት ወደ ዕለት እያሽቆለቆሉ ነው የሚሄዱት።»

«ለሚካኤል ይደርሱ ይሆን?»

«እንጃ። የሚደርሱም አይመስለኝ።»

አባ መንግስቴ ያሉት የኅዳርን ሚካኤል፣ በዓሉን ነው። እኔ የማውቀው ሚካኤል ግን ታች ያለውን ነበር። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ሳይ፣ አባባ ሊደርሱበት እየሞከሩ ያልቻሉበት መንገድ እንዳለ ገባኝ።

የዚያኑ ዕለት እናቴ ሁለቱንም እጆቼን ያዘችና «ሰርኬ፣ ሰው ስለ አባባ ከጠየቀሽ ደህና ናቸው፣ ማሽላ ሊጠብቁ ቆላ ወርደዋል በዪ። ታመዋል እንዳትዪ። ለማንም» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ለአባ መንግስቴ ያሽቆለቁላሉ አለች፣ ለኔ ወርደዋል በዪ አለች፤ ያው አንድ ነገር ነው።

አመሻሹ ላይ የአፋፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። ያው ጋቢ፣ ያው ከዘራ፣ ያው ሸብረክ የሚል እግር። ወይራው ጋ ሲደርሱ ጉሙ ዋጣቸው። ተነስቼ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አባባ መደባቸው ላይ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተነፍሳሉ። የተከናነቡት የእናቴን ብርድ ልብስ ነበር፤ ጋቢያቸው የለም።

አልጮህኩም፤ ለናቴም አልነገርኳትም። ትልልቅ ሰዎች የሚያውቁት ነገር መሰለኝ። ሰው ሲያረጅ ግማሹ ተኝቶ ግማሹ ይሄዳል ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩት።

በማግስቱ ምሽት ከወይራው ትንሽ አለፉ። ከዚያም እየራቁ ሄዱ። ዛሬ ሳስበው የራቀው ዓይኔ ነው። ጥቅምት ሲገባ ጉሙ እስከ ወይራው ድረስ ይወጣ ነበር፤ ወሩ በገፋ ቁጥር አየሩ እየጠራ፣ መንገዱም ወደ ታች እየተገለጠ ሄደ። ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚወርደው ያው ማሽላው ድረስ ነበር።

ቤት ውስጥ ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። እናቴ ለአባባ አጥሚት በማንኪያ ስትሰጣቸው ግማሹ በአገጫቸው ይፈሳል። ውጪ ቆይቼ ስመለስ ግን ትሪው ላይ የነበረው እንጀራ ተጠርጎ ተበልቷል። መቆም ያቃታቸው ሰውዬ በረባሶ ጫማ በር ሥር ተቀምጦ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ አየዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸው ተመልሶ እላያቸው ላይ ሲሆን የማሽላ አገዳ ጭስ ይሸታል።

ጓዳ ደግሞ እንዳልገባ ተከለከልኩ። «እባብ ገብቷል» አለችኝ እናቴ፣ በሩ ላይ ጆንያ እየሰቀለች። ቀን ላይ፣ እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ከጆንያው ወዲያ ታፍኖ የወጣ ሳል ሰማሁ። እባብ ሲያስል ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባባም በዚያው ቅጽበት አሳሉ፤ እንደሚመላለሱ ዓይነት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን መደቡ ጫፍ ላይ ወጣሁና ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ትናንት የት ደረሱ?»

«እ?»

«ቁልቁለቱን ነዋ።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ነጩ ወደ ቢጫ ሄዶ ነበር።

«ምንጩ ጋ» አሉኝ።

እውነት ነበር፤ ያየኋቸው ምንጩ ጋ ነው።

«ደከመዎት?»

«ውሃው ቀዘቀዘኝ።»

እግራቸውን ዳሰስኩት። በረዶ ነበር። እንዲያ ያበጠው በመንገድ ብዛት ነው ብዬ በጣም አዘንኩላቸው። ዛሬ እንደዚያ ያለ እግር ስይዝ ልብ እንደደከመ አውቃለሁ፤ ደሙ ጫፍ መድረስ ሲያቅተው እግር ይቀዘቅዛል። በሽተኞችም ከአልጋቸው ሳይወርዱ የሄዱበትን አገር ሲያወሩልኝ ለምጃለሁ። ያኔ ግን የሰማሁት የመንገደኛ ወሬ ነው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ተከተልኳቸው። ብቻቸውን መሄዳቸው አሳዝኖኝ ነው። እየተንሸራተትኩ ወይራው ድረስ ወረድኩና «አባባ!» ብዬ ጠራኋቸው። ቆሙ። ፊታቸውን ግን አላዞሩም። ጋቢውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉትና መሄድ ጀመሩ፤ ከዚያ ፍጥነት ጨመሩ። ሸብረክ ማለታቸው ቀረ። አባባ እንደዚያ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ እንኳ እሱ አካሄድ የሚሸሽ ሰው አካሄድ እንደሆነ ታውቆኛል። ከኔ ለምን እንደሚሸሹ ግን አልገባኝም።

እያለቀስኩ ቤት ስገባ አባባ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዳገት በሩጫ እንደወጣ ሰው ያለከልካሉ፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል። እናቴ ጀርባቸውን ይዛለች። ልብ የደከመበት ሰው ጋደም ሲል ሳንባው ውሃ እየሞላ ይታፈናል፤ እንደዚያ የሆኑትን በእጄ ደግፌ አውቃለሁ። ያን ምሽት ግን የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ አባርሬያቸው ነው የደከሙት። ሁለተኛ አልከተላቸውም ብዬ ማልኩ።

እዚህ ላይ፣ ያኔ የማላውቀውን ልናገር። እናቴ ልመንህ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። እኔ ሳልወለድ፣ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ ንጉሴ የሚባል የጎረቤት ልጅ በዱላ መታ፤ ንጉሴ ሞተ። ልመንህ ታስሮ ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ የመንደሩ ሽማግሌዎች አገር ለቆ እንዲኖር ወሰኑ። የንጉሴ ታላቅ ወንድም ጓዴ «እግሩ ይህን መሬት ከረገጠ አልምረውም» ብሎ በሽማግሌ ፊት ተናግሯል። ልመንህ መተማ ሲኖር የአባቱን መታመም ከአባቴ ሰማ። መጣ። ሌሊቱን ማሽላው ጎጆ ውስጥ ያድራል፤ ንጋት ላይ በጉሙ ውስጥ፣ የአባቱን ጋቢ ተከናንቦ፣ እንደ አባቱ ሸብረክ እያለ ይወጣል፤ ቀኑን ጓዳ ውስጥ ይውልና አባቱን ያነሳል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል። አመሻሹ ላይ እንደ አባቱ ሆኖ ይወርዳል። የአባባ መታመም ከተሰማ ጠያቂው ቤት ይሞላል፤ መንገዱ ላይ የሚታየው ሰው ማን ነው የሚልም ይመጣል። እናቴ «ለማንም እንዳትዪ» ያለችኝ ለዚህ ነው።

ጓዴን አውቀው ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አባባ ክርስትና ያነሱት ልጃቸው ነበር፤ ከዚያ ነገር በኋላ ግን ቤታችን አልመጣም።

ኅዳር ከገባ በኋላ ነው። አመሻሹ ጥርት ያለ ነበር፤ እስከ ሚካኤል ቆርቆሮ ድረስ ይታያል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አባባን ስጠብቅ ጓዴ ከብቶቹን እያስገባ በአፋፉ መጣ። ጠመንጃውን እንደ ወትሮው ትከሻው ላይ አንግቷል። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ።

«የዘርፌ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«አያትሽ ደህና ናቸው?»

እናቴ ያለችኝን ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው፣ አባ መንግስቴ ጋ የተባለው ቃል ደግሞ የትልቅ ሰው ቃል ይመስል ነበር። መርጬ ያንን አልኩት።

«እያሽቆለቆሉ ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። በርከክ ብሎ ከኔ እኩል ሆነ።

«ምን አልሽ?»

«ከዕለት ወደ ዕለት እያሽቆለቆሉ ነው። እማዬ ለሚካኤል አይደርሱም ትላለች። እኔ ግን ይደርሳሉ እላለሁ፤ ትናንት ከምንጩ አልፈዋል።» በጣቴም አሳየሁት። «ይኸው፣ አሁን እየሄዱ ነው።»

ጓዴ ወደ ጠቆምኩበት አየ። እየሞተ ያለ ሽማግሌ ያን ቁልቁለት እንደማይወርድ እሱ ያውቃል። ነጭ ጋቢ ከወይራው በታች ይወርዳል። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ጉልበቱን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ጉንጩን ወደ ሰደፉ አስጠጋ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑ ራቅ ያለ ነገር ለማየት የሚጨፈን መሰለኝ። ከብቶቹ ቆመው ሣር ይነጫሉ። እኔ አጠገቡ ቆሜ እጄን ለአባባ አወዛወዝኩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለሚሄዱ አላዩኝም።

ጓዴ እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ከጠመንጃው አነሳና በሁለቱም ዓይኖቹ አየ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። እንደገና አየ። ነጩ ጋቢ ማሽላው ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ነበር፤ ብርድ ነው እኮ፣ ኅዳር ነው።

«ቤት ግቢ» አለኝ። «ቤት ግቢ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ እናቴ ግባ ሳትለው ጎንበስ ብሎ ገባ። እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ጣሳ ለቀቀችው፤ ውሃው መሬቱ ላይ ፈሰሰ።

ጓዴ እሷን አላያትም። በቀጥታ ወደ መደቡ ሄደ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አድርጎ የአባባን እግር አየ፤ በጣቱ ተጫነው። እጃቸውን ያዘ፤ ሰው መሆናቸውን እንደሚያረጋግጥ መዳፋቸውን ገልብጦ ዳሰሰው። ከዚያ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጓዴ ነህ?» አሉ አባባ።

«ነኝ አባቴ።»

«ልጄን አየኸው?»

እናቴ ከጆንያው ፊት ለፊት ሄዳ ቆመች።

«የበሽተኛ ቤት ነው የመጣሁት» አለ ጓዴ። «ከበሽተኛ በቀር ያየሁት ሰው የለም።»

«እንግዲያውስ አሁን እየው» አሉ አባባ። ድምፃቸው ከብዙ ቀን በኋላ ጠርቶ ወጣ። «ልመንህ፣ ና።»

ጆንያው ተገለጠ። ከጓዳው የወጣው አባባ ነበሩ። ሽበት የሌላቸው፣ ጥርሳቸው ያልወለቀ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ አባባ፤ ያው አፍንጫ፣ ያው ቅንድብ። ሌላኛው አባባ ደግሞ መደቡ ላይ ተኝተው ያዩአቸዋል። በእናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅሁ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት አይፈቀድም የሚል ነገር ነበር በውስጤ፤ ካየሁ አንዳቸው የሚጠፉ መሰለኝ።

ልመንህ መሬት ላይ ተደፋ። ግንባሩ አፈር ነካ። ጓዴ አላነሳውም።

«ለሳቸው ስል ነው» አለ ወደ ግድግዳው እያየ። «ላንተ ገና ነኝ። እስኪቀበሩ ድረስ እጃቸውን ያዝ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይነጋገርበታል።» ተነስቶ የአባባን ጉልበት ሳመና ወጣ።

አባባ በዓሉ ሳይደርስ አረፉ። አባቶቻቸው የተቀበሩት ታች ሚካኤል ስለነበር ቃሬዛው በዚያች ቁልቁለት ወረደ። ሴቶቹ አፋፉ ላይ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ አላለቀስኩም። ሰዎች ልጅቷ ምን ነካት እያሉ አዩኝ። እኔ ግን የማውቀውን መንገድ ነበር የማየው። ወይራውን አለፉ፣ ምንጩን አለፉ፣ ማሽላውን አለፉ። የቃሬዛውን ፊት ልመንህና ጓዴ ጎን ለጎን ተሸክመው ይወርዳሉ። ነጩ ሰው ሁሉ ትንሽ ሆኖ ቆርቆሮው ሥር ሲሰበሰብ «ደረሱ» አልኩ። እናቴ ሰማችኝ፤ ጭንቅላቴን ወደ ሆዷ አስጠጋችው።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ደሙም ታረቀ። ልመንህ ማሽላውን ተረክቦ እዚያው ቆላው ላይ ቤት ሠራ፤ አግብቶ ወለደ። እናቴ ነገሩን ሁሉ በቅደም ተከተል የነገረችኝ ነርስነት ልማር ከቤት ስወጣ ነው። እየተሳሳቅን ነበር ያወራነው፤ ስለ እባቡ ሳል፣ ስለ በረባሶው። ያን ጊዜ በልጅነቴ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ ቦታ ቦታው አስቀመጥኩት። የቀረ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ባለፈው ዓመት ጓዴ ትኩሳት የያዛት የልጅ ልጁን ታቅፎ እኔ ወደምሠራበት መጣ። ሴት ልጁ እዚህ ከተማ አግብታ ስለምትኖር ሊጠይቃት መጥቶ ነው። አርጅቷል። ሕፃኗን መርፌ ወግቼ እንቅልፍ እስኪወስዳት አግዳሚው ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣

«ያን ማታ ልመንህን ኢላማዬ ውስጥ አግብቼው ነበር» አለኝ።

እንደማውቅ ነገርኩት። ስለተዉት እግዜር ይስጥልኝ አልኩት፤ በእናቴም ስም፣ በኔም ስም።

«የተውኩት ለይቅርታ ብዬ መስሎሻል?»

«ታዲያ ለምን ነው?»

ሕፃኗ ላይ ያለውን ነጠላ አስተካከለ።

«ሁለት ነበሩ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ተከትሎት። ሁለቱም ጋቢ ለብሰዋል። የክርስትና አባቴ የትኛው እንደሆኑ መለየት አቃተኝ፤ እሳቸውን እንዳልመታ ፈራሁ።»

«አባባ ቤት ተኝተው ነበር እኮ።»

«በማግስቱ የመጣሁት ያንን ላረጋግጥ ነው» አለ። «እርቅ አላሰብኩም ነበር። አልጋው ላይ መኖራቸውን ላረጋግጥ ነው የመጣሁት። እግራቸውን ሳየው ከበሩ እንኳ ሊያልፉ እንደማይችሉ አወቅሁ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ላይ ጠመንጃ ማንሳት አልቻልኩም።»

ለዚህ የሚሆን መልስ መኖር አለበት ብዬ አሰብኩ። ሌላውን ሁሉ ስገልጽ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ጉም ይሆናል፣ አያ ጓዴ» አልኩት። «ጉም ውስጥ አንዱ ሰው ሁለት ሊመስል ይችላል።»

«ጉም አልነበረም» አለኝ በቀስታ። «አጠገቤ ቆመሽ አልነበረም እንዴ?»

የሕፃኗ ትኩሳት በረደ፤ ታቅፏት ሄደ። እናቴ አሁን የለችም፤ የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም። ለልመንህ አልነገርኩትም። እሱ አሁንም ማሽላው ሲያሽት ከላይ መንደር ውሎ፣ አመሻሹ ላይ በዚያች ቁልቁለት ብቻውን ይወርዳል።